ሚዛን፣ ሜትር እና የግፊት መለኪያ፦ ወጣቶች ክብደታቸውንና የደም ግፊታቸውን አብረው እንዴት ያንብቡ?

ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ሚዛን ላይ መውጣት አይከብደውም። ቁጥሩን ያያል፣ ደስ ይለዋል ወይም ይናደዳል፣ ይወርዳል። "ግፊትህስ ስንት ነው?" ብትሉት ግን ትከሻውን ይሰብቃል። ግፊት የሽማግሌዎች ጉዳይ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የመጀመሪያ ጊዜ የተለካሁት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወጥቻለሁ። የሹራቤን እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልዬ፣ እግሬን አነባብሬ፣ ከባለሙያዋ ጋር እያወራሁ ተለካሁ። "146 በ92" አለች። ደነገጥኩ። "እስቲ ተረጋጋና እንደገና እንየው" ብላ ሹራቡን አስወለቀችኝ። ከ10 ደቂቃ በኋላ 128 በ79 ሆነ። እፎይ ብዬ ወጣሁ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆለፍ ማለት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። ሁለቱ ነገሮች እንደሚገናኙ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ18 እስከ 40 ዓመት አካባቢ ላሉ ሰዎች ነው። ከ18 በታች ያሉ ልጆች የሚመዘኑት በዕድሜና በቁመት በተዘጋጀ የራሳቸው ሰንጠረዥ ነው። እርጉዝ ሴት የወገብና የክብደት ቀመሮቹን ትተዋቸው፤ ግፊቷን ግን በደንብ ትከታተል።

በቅድሚያ፦ ክብደትና ግፊት ምን አገናኛቸው?

ብዙ ሰው "ሰውነት ሲከብድ ልብ ይደክማል" ብሎ ያልፈዋል። ከፊሉ እውነት ነው። ሰውነት ሲጨምር የደሙ መጠንም ይጨምራል፣ ልብም በየደቂቃው የሚረጨው ደም ይበዛል። ዋናው ጨዋታ ያለው ግን ኩላሊት ላይ ነው።

ሆድ ዕቃን ከቦ የሚቀመጠው ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ነገር አይደለም። ሥራ ይሠራል። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ሌፕቲን ሲበዛ ሰውነትን ለሩጫና ለድንጋጤ የሚያዘጋጀው የነርቭ ሥርዓት ነቅቶ ይቀራል። የደም ሥር የሚያጠብና ጨው የሚያስቀር የሆርሞን ሰንሰለትም ይቀሰቅሳል። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን እንደልቡ መሥራት ሲያቅተው ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ይለቃል፤ እሱም በተራው ኩላሊትን "ጨዉን አትጣል" ይለዋል። በዚህ ላይ ስቡ ኩላሊቱን ከውጭ ይጫነዋል። ውጤቱ አንድ ነው፦ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ይቀራሉ፣ ግፊት ይወጣል።

ስለዚህ ዳሌና ጭን ላይ ያለ ስብ እና ሆድ ውስጥ ያለ ስብ እኩል አይደሉም። ሚዛን ሁለቱን አይለይም። ሜትር ግን ይለያል።

ምን ያስፈልጋል?

ሚዛን። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የማይለጠጥ ሜትር። በክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ የግፊት መለኪያ። ደብተርና እስክሪብቶ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ባትገዙ እመርጣለሁ፤ እጅ ትንሽ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ንባቡ ይቀያየራል። መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት የክንዳችሁን ዙሪያ ለኩ። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ክብደትና ቁመት

ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ ተመዘኑ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ ይሁን። ቁመትን ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስጠግታችሁ ተለኩ። መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቁመት አትመኑት፤ አብዛኞቻችን እዚያ ላይ ትንሽ ረዝመናል።

ከዚያ ክብደታችሁ ለቁመታችሁ ምን ያህል እንደሚመጥን የሚያሳየውን፣ ቢኤምአይ የሚባለውን ቁጥር አስሉ። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ያዙ። ቁመትን በራሱ አባዙት፤ ክብደቱን ለውጤቱ አካፍሉት። ቁመቱ 1.72 ሜትር፣ ክብደቱ 81 ኪሎ የሆነ ሰው፦ 1.72 ሲባዛ በ1.72 ወደ 2.96 ይሆናል። 81 ለ2.96 ሲካፈል 27.4። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ18.5 በታች ዝቅተኛ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከልክ ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት ይባላል።

ይህ ቀመር የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያወጣው ኬትሌ የተባለ የቤልጂየም ሰው ሐኪም እንኳ አልነበረም፤ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሰው ነበር። የሚፈልገው ብዙ ሕዝብን በአማካይ ማየት እንጂ አንድን ሰው መመርመር አልነበረም። ይህን አስታውሳችሁ ተጠቀሙበት። ለመነሻ ይበቃል፣ ለፍርድ ግን አይበቃም።

ደረጃ 2፦ ወገብ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ወገቡን ሲለካ ይሳሳታል፤ የሱሪውን ቁጥር የሚጽፍም አለ። ሱሪ ከቦርጭ ሥር ይታሰራል፣ ስለዚህ ይዋሻል።

መስታወት ፊት ቁሙ። ሸሚዝ አውልቁ። በጎናችሁ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ የዳሌ አጥንታችሁን የላይኛውን ጫፍ ፈልጉ። የሁለቱ መሃል የሜትሩ ቦታ ነው። እምብርት ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ላያርፍም ይችላል። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል መሆኑን በመስታወት አረጋግጡ፤ ከኋላ ወረድ ማለት ይወዳል። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። አሁን እንደወትሮው ተንፍሱና አየሩ ሲወጣ አንብቡ። ሆድ መሳብ የለም! ማንም አያያችሁም። ሁለቴ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ እንደገና።

ይህን ቁጥር በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንደኛው ቀጥታ ነው፦ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከ80 ካለፉ ስጋት ይጀምራል። ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ስጋቱ ጎልቷል። እነዚህ ገደቦች ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይሠሩም፤ ለምሳሌ ለእስያ ሰዎች ዝቅ ያሉ ቁጥሮች ይሠራባቸዋል።

ሁለተኛውን መንገድ እኔ እወደዋለሁ። ወገብን ለቁመት ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ0.5 በታች ከሆነ ጥሩ። 0.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ንቁ። 0.6 ከደረሰ ጉዳዩ ከብዷል። ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ማስያ ከሌላችሁ ቁመታችሁን የሚያህል ክር ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ ወገባችሁ ላይ አዙሩት። ካልገጠመ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሚዛንና ሜትር እንዴት እንደሚለያዩ ለማየት፣ ሦስቱም 172 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጓደኛሞች አሉ እንበል። አንደኛው ክብደት ያነሳል፤ 81 ኪሎ፣ ወገቡ 82። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ እሱም 81 ኪሎ፣ ወገቡ ግን 98። የሁለቱም ቢኤምአይ 27.4 ነው። ወገብ ለቁመት ሲካፈል ግን አንደኛው 0.48፣ ሁለተኛው 0.57። ሦስተኛው "እኔ እንኳ ቀጭን ነኝ" ባይ ነው። 71 ኪሎ፣ ቢኤምአዩ 24፣ ሚዛን ላይ እንከን የለውም። እጅና እግሩ ቀጫጭን ነው፣ ቦርጩ ግን ሸሚዙን ገፍቶታል፤ ወገቡ 90፣ ማለትም 0.52። የግፊት መለኪያ ቢኖረኝ ቀድሜ የምለካው ሁለተኛውን ነው። ቀጥዬ ግን አንደኛውን ሳይሆን ሦስተኛውን እለካለሁ።

ደረጃ 3፦ ግፊትን በትክክል መለካት

የግፊት ንባብ ሁለት ቁጥር አለው። የላይኛው ልብ ሲጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ነው። ቁጥሩን ለማበላሸት ብዙ ድካም አይጠይቅም። የእኔን ታሪክ አስታውሱ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ 18 ነጥብ የወረደው ሰውነቴ ተቀይሮ አይደለም፣ አለካኩ ነው የተቀየረው።

ከመለካታችሁ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራ፣ ኢነርጂ ድሪንክና ስፖርት የለም። ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ። ጀርባ በሚደግፍ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም እግሮች ወለሉን ይርገጡ፣ አይነባበሩ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልባችሁ ትይዩ ይረፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። በ2024 የወጣ የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ክንድን ጭን ላይ ማሳረፍ የላይኛውን ቁጥር በ4 ገደማ፣ ወደ ጎን ማንጠልጠል ደግሞ በ6.5 ገደማ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ አግኝቷል። 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ስልክም አይነካ።

አሁን ክንድ ላይ ወደሚጠመጠመው ካፍ እንምጣ። ክብደትና ግፊት ሲነሱ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ካፉ ለክንዱ ከጠበበ ግፊትን ከእውነቱ አስበልጦ ያነባል። ወፍራም ክንድ ያለው ሰው በመደበኛ ካፍ ሲለካ የሌለ በሽታ ሊሰጠው ይችላል። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት በጣም ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ገደማ ከፍ ብሎ ታይቷል። 20! ያ ማለት ጤነኛን ሰው መድኃኒት ሊያስጀምር የሚችል ስህተት ነው። ካፉ ከሰፋ ደግሞ በተቃራኒው አሳንሶ ያነባል፤ ቀጫጭን ክንድ ያላቸው በዚህ ይታለላሉ።

ስለዚህ በትከሻና በክርን መሃል የክንዳችሁን ዙሪያ ለኩ። ከ22 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ካፍ፣ ከ27 እስከ 34 መደበኛ፣ ከ35 እስከ 44 ትልቅ፣ ከዚያ በላይ በጣም ትልቅ። መለኪያው ሳጥን ላይ የሚስማማው የክንድ ልክ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ካፉን ባዶ ቆዳ ላይ፣ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። የሹራብ እጅጌ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅ እንደኔው ያስደነግጣችኋል።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ለኩና ከፍ ባለው ቀጥሉ። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 ከበለጠ ለሐኪም ንገሩ።

ከዚያ ለ7 ቀን፣ ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በሁለቱ መሃል 1 ደቂቃ እያረፋችሁ ለኩ። ሁሉንም ጻፉ። የማትወዱትን ቁጥር "ተሳስቷል" ብላችሁ አትዝለሉት። በሳምንቱ መጨረሻ 28 ንባብ ይኖራችኋል። የመጀመሪያው ቀን ሰው ገና ስለሚጨነቅ አራቱን ሰርዙ። የቀሩትን 24 ደምሩና ለ24 አካፍሉ፤ የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ። ግፊታችሁ ያ አማካይ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማንበብ

መጀመሪያ ግፊቱን ለብቻው። በአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የ2017 መመሪያ ከ120 በ80 በታች ጤናማ ነው። የላይኛው ከ120 እስከ 129 ሆኖ የታችኛው ከ80 በታች ከሆነ ከፍ ማለት ጀምሯል። ከ130 እስከ 139 ወይም ከ80 እስከ 89 ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ደም ግፊት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ብዙ ሌሎች መመሪያዎች ደግሞ "ደም ግፊት" የሚለውን ስም የሚሰጡት ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። ይህ በጤና ተቋም የተለካ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ስለሚረጋጋ፣ የቤት አማካይ 135 በ85 ከተቋሙ 140 በ90 ጋር ይስተካከላል። ሁለት ሐኪሞች ስለ 134 በ84 የተለያየ ነገር ቢነግሯችሁ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። የያዙት መመሪያ ይለያያል።

ወጣት ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ሽማግሌ ላይ በብዛት የሚወጣው የላይኛው ቁጥር ነው፤ የደም ሥሩ ደርቋል። ወጣት ላይ፣ በተለይ ክብደቱ የጨመረ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የታችኛው ነው። 126 በ88 ዓይነት። "የላይኛው ደህና ነው" ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ደብተራችሁ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ክብደት፣ ወገብ፣ የሳምንት አማካይ ግፊት። ወገባችሁ ለቁመት ተካፍሎ ከ0.5 በታች፣ ግፊታችሁም ደህና ከሆነ፣ ቢኤምአዩ ከ25 ትንሽ ቢያልፍም አትረበሹ። ወገብ ከ0.5 በላይ ሆኖ ግፊት ገና ደህና ከሆነ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው፤ ግን አትተኙበት። ሁለቱም ከወጡ ደረጃ 5 ለእናንተ ነው።

አራተኛው ዓይነት ይረሳል፦ ወገቡ ጠባብ፣ ክብደቱ ልክ፣ ግፊቱ ግን ከፍ ያለ። እዚህ ጥፋቱን ክብደት ላይ መለጠፍ አይቻልም። መጀመሪያ የምትወስዱትን ነገር ፈትሹ። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ የአፍንጫ መዘጋት የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ ጡንቻ ማሳደጊያ ስቴሮይዶች፣ ሁሉም ግፊት ያወጣሉ። እንክብሉን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ያዘዘላችሁን ጠይቁ። እነዚህ ከሌሉ የኩላሊት፣ የኩላሊት ደም ሥር፣ የታይሮይድ ወይም የአድሬናል ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል። ወጣትና ቀጭን ሆኖ ግፊቱ የወጣ ሰው በደንብ መመርመር አለበት።

አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ፎቶ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ ፊልም። በአሜሪካ አራት ከተሞች በ1985 እና 1986 ከ5,000 በላይ ወጣቶችን መዝግቦ ለአሥርት ዓመታት የተከተለ ካርዲያ የሚባል ጥናት አለ። ክብደታቸው በ15 ዓመት ውስጥ ብዙም ያልተነቃነቀ ሰዎች፣ በከፍተኛ ቢኤምአይ የጀመሩትም ጭምር፣ ግፊታቸውም ብዙ አልተነሳም። በየዓመቱ ኪሎ የጨመሩት ግን ግፊታቸውም ተከተላቸው። ስለዚህ "ከስቼ እንደ 18 ዓመቴ ካልሆንኩ ምን ዋጋ አለው" አይባልም። ባለበት ማቆምም ሥራ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ማውረድ

እዚህ አላስረዝምም፣ ብዙው የታወቀ ነው። ልኩን ግን ልንገራችሁ። ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ አንድ ኪሎ መቀነስ ግፊትን በ1 ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ያ ሁለተኛው ጓደኛችን 5 ኪሎ ቢቀንስ የላይኛው ቁጥሩ 136 ከነበረ ወደ 131 ይመጣል እንደማለት ነው። በአማካይ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የተፈረመ ውል አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ኪሎ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በሱ አትጨፍሩ። ወገባችሁን በ4 ሳምንት አንዴ ለኩ። ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ ከቀነሰ ሥራው እየሄደ ነው፤ ጡንቻ ስብን እየተካ ሊሆን ይችላል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ብዙው የሚገባው ከጨው ዕቃችን ሳይሆን ከታሸገ ምግብና ከዳቦ ሊሆን ስለሚችል መለያውን አንብቡ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ወይም ያንን የሚያህል እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ክብደቱ ባይወርድ እንኳ እንቅስቃሴው ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል። አልኮል ግፊትም ቦርጭም ይጨምራል፤ መቀነሱ ሁለቱንም ይነካል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው እንቅልፍን ነው። ወፍራም አንገት፣ ከባድ ማንኮራፋት፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ቀን ቀን ማንጎላጀት ካለ ክብደትንም ግፊትንም የሚያገናኝ የእንቅልፍ ችግር ሊኖር ይችላል። ራሳችሁ አትሰሙትም። አጠገባችሁ የሚተኛውን ጠይቁ።

መቼ ወደ ሐኪም?

የሳምንት አማካያችሁ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጠሮ ያዙ። ከ130 በ80 በላይ ሆኖ ስኳር፣ የኩላሊት ችግር ወይም በወጣትነቱ የልብ ሕመም የያዘው ወላጅ ካለ እንዲሁ። እርጉዝ ሴት 140 በ90 ካየች በዚያው ቀን ትሂድ። 180 በ120 ካያችሁ 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ድገሙት። አሁንም እዚያው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ድረሱ። ከሱ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን መድገሙንም ተዉት፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ። የራሳችሁን የግፊት መለኪያም ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት፤ ከእነሱ መለኪያ ጋር በየተራ ሲለካ የእናንተው ስንት ነጥብ እንደሚስት እዚያው ታውቃላችሁ።